አትክልት የማይነካ ልጅ አለኝ፣ አብሮኝ የሚሠራው ምግብ ንገሩኝ

የናቲ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። አትክልት የሚባል ነገር አይነካም። ማካሮኒ በቺዝ፣ የዶሮ ናጌት፣ ሙዝ፣ በቃ። አልጫው ውስጥ ካሮት ካየ ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል። ሆድ ድርቀት ሲያስቸግረው ሐኪም ጋ ወሰድኩት። «አትክልትና ጥራጥሬ ጨምሪለት፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ምግብ ስትሠሪም አሳትፊው፣ ልጆች እጃቸው የነካውን መቅመስ አይፈሩም» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ግን ምኑ ላይ ነው የማሳትፈው? ከሥራ የምገባው መሽቶ ነው፣ ቁሌት አጠገብ እንዳላቆመው ዘይቱ ይፈናጠርበታል።

ይሄ ሳያንሰኝ አማቴ በቪዲዮ አይታው «ልጄን አከሳችሁት፣ ክረምቱን ወደ እኔ ላኩት፣ ጎመን በአይብ እያጎረስኩ አሳምሬ እመልሰዋለሁ» ብላ ይዛኛለች። የባለቤቴም ልብ ወደዚያው ነው።

እስቲ ቀላል፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ልጅ እጁን የሚያስገባበት ነገር የምታውቁ ጻፉልኝ። በማግስቱ ለምሳ ሳጥን የሚሆን ቢሆን ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፣ ትምህርት ቤት የሚያሞቁበት ነገር የላቸውም።

እመ ሦስት (አሌክሳንድሪያ)

አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ቤት ያለ ነው። በቲማቲም ፍትፍት ጀምሪ፣ እሳት የለበትም። እንጀራውን መቅደድ የሱ ሥራ ይሁን፣ ቅድድ ማድረግ የማይወድ ልጅ አላየሁም። ቲማቲሙን አንቺ ለሁለት ክፈይለት፣ ቀሪውን እሱ በፕላስቲክ ቢላ ይከታትፍ። ሎሚ ይጭመቅ፣ ትንሽ ዘይትና ጨው፣ አለቀ። ጥሬ ሽንኩርቱን በጣም አድቂው ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ተዪው። ቃሪያው ለእናንተ በጎን ይቀመጥ።

ሁለተኛው ቀይ ሥር ነው። ቀቅለሽ ካቀዘቀዝሽው በኋላ ልጣጩ በጣት ሲታሽ እየተንሸራተተ ይወልቃል። እዚህ ላይ ልጁን ቁጭ አድርጊው። እጁ እስከ አንጓው ይቀላል፣ ጠረጴዛውም ይቀላል፣ ነጭ ልብስ ከለበሰ አስቀድመሽ አውልቂው። ድንቹን ለብቻው ቀቅለሽ መጨረሻ ላይ ደባልቂው፣ አለበለዚያ ሁሉም ሮዝ ይሆናል። የኔዎቹ እንደውም ሮዝ ካልሆነ አንበላም ነው የሚሉት። በማግስቱ ሽንቱ ቀላ ቢል አትደንግጪ፣ ከቀይ ሥሩ ነው።

ፎሶልያም አለ። ጫፍና ጫፉን መቀንጠስ የልጅ ሥራ ነው፣ ቷ ሲል ይስቃሉ። ከካሮት ጋር አብስይው፣ ቁሌቱን ግን አንቺ።

ነርስ ነኝ (ሚኔሶታ)

እመ ሦስት ያለችው ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው፣ እጅ መታጠብ መጀመሪያ። ታናሽ ካለው ደግሞ ጥሬ ካሮት በቁራጭ አትስጪው፣ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ሊያንቃቸው ይችላል፣ ፍቀሽ ወይም ቀቅለሽ ስጪ። ሌላው፣ «አንዴ ቅመስልኝ» ብለሽ አትለምኚው፣ በግድም አታጉርሺው። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜም ከዚያም በላይ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ሳህኑ ላይ ትንሽ አድርጊና ዝም በይ። ከበላ በላ።

የድሮው ሰው (ዲሲ)

ልጄ፣ ስለ ምግቡ ሴቶቹ ነግረውሻል። እኔ ስለ ጉዞው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሰው ቲኬት ቆርጦ ነው የሚደነግጠው። ልጁ እዚህ ከተወለደ የአሜሪካ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ከ16 ዓመት በታች ስለሆነ ራሱ በአካል ይቀርባል፣ ሁለታችሁም ወላጆች አብራችሁት ትቀርባላችሁ። አንዳችሁ መቅረብ ካልቻላችሁ ዲኤስ-3053 የሚባለውን የፈቃድ ፎርም ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ፈርማችሁ ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ትሰጣላችሁ። የልደት ሰርተፊኬቱን ዋናውን ያዙ። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፣ እንደ አዋቂ 10 ዓመት አይምሰላችሁ። ለኢትዮጵያ ደግሞ ወይ ቪዛ ወይ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ማለቴ ነው። ከዘመድ ጋር የምትልኩት ከሆነ ሁለታችሁ የፈረማችሁበት የስምምነት ደብዳቤ ይያዝ፣ ኤርፖርት ላይ «የማን ልጅ ነው?» ቢባል መልስ ይኑር።

እመ ሦስት (አሌክሳንድሪያ)

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሷ የጠየቀችው ስለ ካሮት ነው።

የድሮው ሰው (ዲሲ)

አማቷን አንብበሻል? ጥያቄው እዚያ ነው ያለው። ካሮቱ ሰበብ ነው።

የጎጃሟ (ፍራንክፈርት)

እኔ ደግሞ ይሄን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኛ ቤት ጎመን የሚቀነጠሰው ምጣዱ ከተጣደ በኋላ ነበር። እናቴ «ሂጂ ከጓሮ አምጪ» ትለኛለች፣ የታች የታቹን ቅጠል ብቻ ቀንጥሼ እመጣለሁ፣ ጤዛው እጄ ላይ ይወርዳል። ማን አትክልት ብላ ብሎ ይለምነናል? እዚህ አንድ እስር ቅጠል ለመግዛት ባቡር እይዛለሁ፣ ያውም የኛው አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁና ሳቁ። ደመወዝ ሲገባ ከኪራይ ቀጥሎ የምልከው ለቤት ነው። ባለፈው እህቴን ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ ብላት «ልጆቹ ኢንዶሚ ካልሆነ አንበላም አሉ» አለችኝ። አዲስ አበባ፣ ጎመን በየበሩ በሚሸጥበት አገር! እኔ እዚህ ጎመን እያማረኝ እዚያ ኢንዶሚ እገዛለሁ።

ዳላስ ነኝ

የጎጃሟ፣ ነገሩን ጨረስሽው። የእህትሽ ልጆች አዲስ አበባ ተቀምጠው ካልበሉ ይሄኛው ክረምት ሄዶ ምን ሊለውጥ ነው? አያት ለልጅ ልጅ እምቢ አትልም። ለስላሳና ብስኩት ለምዶ ነው የሚመለሰው። በቲኬቱ ገንዘብ የአንድ ዓመት አትክልት ይገዛል።

የድሮው ሰው (ዲሲ)

ልጅ ከአያቱ ጋር ሲከርም ምግብ ብቻ አይደለም የሚለምደው። ቋንቋ አለ፣ ሰላምታ አለ፣ ከትልቅ ሰው ጋር መቀመጥ አለ። ሁሉን በቲኬት ዋጋ አትለካው። ጎመን በጤና ብለው ነው ያሳደጉን።

ዳላስ ነኝ

ጋሼ፣ ጎመኑንም ጤናውንም እዚሁ ማግኘት ይቻላል ነው የምለው። ደግሞ ኑሮ እዚያ ምን ላይ እንዳለ ያውቃሉ። አያትየዋ የሚላክላትን ከፍላ ነው እሱን የምታበላው። ዞሮ ዞሮ ከዚሁ ኪስ ነው።

የጎጃሟ (ፍራንክፈርት)

እንዲህማ አይባልም። አያት ለልጅ ልጇ ሒሳብ አትይዝም። አንተ ልከህ ትቆጥራለህ መሰለኝ።

ዳላስ ነኝ

የምልከውን የሚያውቅ ያውቃል። ወደዚያ አትግቢ።

እመ ሦስት (አሌክሳንድሪያ)

ኧረ ተዉ እንጂ። እኔ አንድ ነገር ብቻ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ በፈረንጅ ኦገስት 7 ማለት ነው። ያኔ አያትየዋ ቤት አይብ የለም። ጎመኑ ግን ይኖራል፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲጾም አይቶ እሱም በፉክክር ይበላ ይሆናል። የኔ ትልቁ ሽሮ የለመደው እንደዚያ ነው። እንግዲህ ለሁለታችሁም አደላሁ።

የናቲ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ፍትፍቱን ሠራን። እንጀራውን እንደ ጉድ ቀደደው፣ ሎሚውንም ጨመቀ። ከዚያ ቲማቲሙን አንድ በአንድ ለቅሞ ጠርዝ ላይ ደርድሮ እንጀራውን ብቻ በላ። ቀይ ሥሩን ግን ሁለት ቁራጭ ዋጠ፣ ለምን መሰላችሁ፣ ምላሱ ቀልቶ መስታወት ሊያይ። ነርሷ እንዳልሽው ዝም አልኩ፣ እንዴት እንደከበደኝ እኔ አውቃለሁ።

የምሳ ሳጥኑን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ነርስ ነኝ (ሚኔሶታ)

ውይ እውነትሽን ነው። የምስር ሳምቡሳ ሞክሪ። ሊጡን አትልፊበት፣ ስፕሪንግ ሮል የሚጠቀለልበትን ስስ ሊጥ ከነበረዶው ግዢ። ምስሩን ቀቅለሽ በደንብ አጠንፍፊው፣ ውሃ ከቀረ ይቀደዳል። ካሮትና ጥቅል ጎመን በጣም አድቅቀሽ አብረሽ ጠበስ አድርጊ፣ እዚያ ውስጥ ማንም ለቅሞ አያወጣውም። ከቀዘቀዘ በኋላ ማጠፍ የሱ ነው። ዱቄትና ውሃ በጥብጠሽ ስጪው፣ በጣቱ ጠርዙን እየቀባ ይለጥፋል። ሦስት ማዕዘን ባይሆንም ተዪው። ዘይት ቀብተሽ ኦቨን ውስጥ በ400 ፋራናይት፣ 20 ደቂቃ አካባቢ፣ ቡናማ እስኪሆን። አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ብቻ ሲያድር ይለሰልሳል፣ ናቲ የለሰለሰ ይበላ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ዳላስ ነኝ

ሳምቡሳ ያለ ጥብስ? እሱም ሳምቡሳ ነው?

የድሮው ሰው (ዲሲ)

በዚህ እንኳን ከዳላስ ጋር እስማማለሁ።

የናቲ አባት

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ። ጋሼ፣ ያ ኖተሪ የሚፈረመው ፎርም ከኢንተርኔት ይወርዳል ወይስ ሄጄ ነው የምወስደው? ቀጠሮውስ ሩቅ ነው?

የናቲ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አንተ እዚህ ቡድን ውስጥ ነህ እንዴ?!