የአከርካሪ ሽቦ እየላላብኝ ተቸግሬያለሁ፣ የሚያውቅ ካለ

ሰላም ለሁላችሁ። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል። ርዕሴ የተጣመመ አከርካሪ በሽቦ ሲታሰር ምን ያህል ይጸናል የሚል ነው።

የያዝኩት የሜክሲኮው ሐኪም ኤድዋርዶ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋውን ዘዴ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የሃሪንግተን ዘንግ አከርካሪውን በዋናነት ላይና ታች በመንጠቆ ነበር የሚይዘው። ሉኬ ግን በየአጥንቱ ላሚና (ከኋላ በኩል ያለው ስስ የአጥንት ክፍል) ሥር ሽቦ አሳልፎ ከሁለት ዘንጎች ጋር አሰረው። ጭነቱ ለብዙ ቦታ ይከፋፈላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው።

በፕላስቲክ ሞዴል ላይ ድርብ የስቴይንለስ ስቲል ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዤ አሰርኩ። መጀመሪያ ጥብቅ ነው። ማሽኑ ደጋግሞ ሲያጎነብሰው ግን ይላላል። ተፈታ እንዳልል ጥምዞቹ እንዳሉ ናቸው። ሁለቱም ጫፎች እኩል ተጠማዝዘዋል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው አልተጠመጠመበትም። ልጨምርበት ስል ደግሞ ከጥምዙ ሥር ይበጠሳል።

ከላይ ስጫነውም ሞዴሉ በዘንጉ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል። ይሄ እንኳን የሚጠበቅ ነው፤ ሽቦ እንደ ብሎን አይነክስም።

የጨነቀኝ መላላቱ ነው። ሽቦው እየረዘመ ነው ወይስ ላሚናውን እየበላው? በምን ልለየው? ስትሬይን ጌጅ (መለጠጥን የሚለካ ተለጣፊ መሣሪያ) ለመለጠፍ ሽቦው ቀጭን ነው። አማካሪዬ "ሎድ ሴል (የኃይል መለኪያ) አስገባ" ብሎኛል፤ የት እንደማስገባው ግን አልነገረኝም።

የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ካላችሁ ደግሞ፣ ስትጠመዝዙ ወደ ላይ እየሳባችሁ ነው? በቃ ብላችሁ የምትቆሙትስ ምን አይታችሁ ነው?