ፈረሴን እጅ እንዲነሳ በምን ላስተምረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች፣ እንጅባራ አካባቢ ነኝ፣ ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሴ አንገቱን ዝቅ አርጎ እጅ እንዲነሳ ላስተምረው ፈልጌ ነበር፣ ግን ያለ አለንጋ በሽልማት ብቻ፣ ችግሩ ካሮት ሲሸተው ኪሴን እየነከሰ አስቸገረኝ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ኪስ መፈተሹን አስተወው ወንድሜ። በጎኑ ቁምና አፉን ካንተ ሲያዞር ያኔውኑ «ጎሽ» በለው፣ ከዛ ስጠው። ቃሏ ልክ ባደረገው ቅጽበት ካልወጣች ሌላ ነገር ነው የሸለምከው። መዳፍህን ዘርግተህ፣ ከሰውነትህ አርቀህ ስጠው።

መልስ፦ ከላይ የተባለው ልክ ነው። ከዛ ካሮቱን ከደረቱ ወደ ፊት እግሮቹ መሃል ቀስ እያልክ አውርደው፣ ትንሽም ዝቅ ቢል «ጎሽ»፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምር። 10 ደቂቃ በቂ ነው፣ ሳይሰለቸው አቁም። ካሮቱን ደግሞ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ክብ ቁራጭ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ገብስም አታብዛ እባክህ፣ የፈረስ ሆድ ቁርጠት ይገድላል።

መልስ፦ በኋላ እግሩ መቆምን ግን እንዳታስለምደው!! ለካሮት ብሎ ሰው መሃል ቢነሳ አደጋ ነው። እጅ መንሳቱን ቤት ከቻለ በኋላ ሰውና ጫጫታ ያለበት ቦታ ወስደህ እንደገና ከቀላሉ ጀምርለት፣ ግቢ ውስጥ የሚያውቀውን እዛ ሊረሳው ይችላል።