በታኅሣሥ ብርድ በሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር የቡድን ጉዞ፦ ስንት ሰዓት እንነሳ? በምን ጎማ?

ማርሽ_ዲሲ
ሰላም ለሁላችሁ። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ በሲ ኤንድ ኦ ካናል (ከዋሽንግተን ዲሲ የሚነሳው አሮጌ የጀልባ ቦይ) ዳር ባለው መንገድ ከፍሌቸርስ ኮቭ ተነስተን ግሬት ፎልስ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። 14 ሰው ነን፤ ግማሹ በብርድ ነድቶ አያውቅም። ሦስቱ ይዘው የሚመጡት ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጎማ የአስፋልት ብስክሌት ነው። ፀሐይ ትንሽ እስክታሞቀው ጠብቀን እኩለ ቀን ላይ ብንነሳ ይሻላል? ልብሱስ? ብዙዎቻችን ጾመኞች ስለሆንን ስንቁስ? የምታውቁ ዘርዘር አድርጉልን።

ፖቶማክ_ዳር
እኩለ ቀኑን ተዉት። መንገዱ የተፈጨ ድንጋይና ሸክላ አፈር ነው። ሌሊት ውርጭ ከመታው ጠዋት ጠንካራ ነው፣ ጥሩ ይነዳል። ፀሐይ ስትበረታ ግን የላይኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀልጣል። ሥሩ ገና በረዶ ስለሆነ ውሃው ወደ ታች አይሰርግም፤ ከላይ የሚያዳልጥ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ጭቃው ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቅተዋል። ጎማችሁ የቆፈረው ቦይም ማታ ሲረጋ ለእግረኛ መሰናክል ይሆናል። ይሄን መንገድ የምንወድ ሰዎች ልናስብበት ይገባል።

በካናሉ የማይል ምልክት ፍሌቸርስ ማይል 3.1 ላይ፣ ግሬት ፎልስ 14.3 ላይ ነው። ደርሶ መልስ 22.4 ማይል፣ ማለትም 36 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሰዓት 9 ማይል ብትሄዱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከእረፍት ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙ። ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ እኩለ ቀን ተነስታችሁ ሁለት ጎማ ቢተነፍስ ይመሽባችኋል። 3 ሰዓት ላይ ተነሱ። ግብዣው ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጁ 9:00 ኤኤም» ብላችሁ በሁለቱም ጻፉ፤ አንድ ሰው ቆሞ ሲጠበቅ ሌላው በብርድ ያልቃል።

ዝናብ ዘንቦ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ቶውፓዙን (የካናሉን ዳር የአፈር መንገድ) ተዉትና በካፒታል ክሬሰንት የብስክሌት መንገድ ወደ ቤተስዳ ሂዱ። አስፋልት ነው፣ በዚያው በፍሌቸርስ በኩል ያልፋል።

መፍቻ_15
25 ሚሊ ሜትር ጎማ አይሆንም። የሲካሞር ዛፍ ሰፋፊ ቅጠል ሥሩንና ድንጋዩን ይሸፍነዋል፤ ቀጭን ጎማ ሲመታው ካላማዳሪያው በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጦ ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ቢያንስ 35፣ ቢቻል 40 ይሁን። ለ40ው፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከፊት 32 ከኋላ 36 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ይበቃዋል። ንፋሱን የምትለኩት ግን ቤት ሳይሆን ፓርኪንጉ ላይ ነው፦ ሙቅ ክፍል ውስጥ 40 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ላይ ወደ 36 ይወርዳል።

የእጅ ፓምፕ ያዙ። የጋዝ ካርትሪጅ ሲለቀቅ ራሱ በረዶ ስለሚሆን በባዶ እጅ አይነካም፤ ካለቀም አለቀ ነው። በየጎማው ልክ ካላማዳሪያ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ ጎማ ለምትቀይሩበት ደግሞ ቀጭን የላስቲክ ጓንት አይጥፋ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣት ዳስሱ፤ እሾሁ ወይም ጠርሙሱ እዚያው ካለ አዲሱም አይቆይም።

እንጦጦ_በሜሪላንድ
በሰዓቱ ከፖቶማክ_ዳር ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በውርጭ ጠዋት አደገኛው መሬቱ ሳይሆን የእንጨት ድልድዩ ነው። ከላይም ከታችም አየር ስለሚመታው ቀድሞ በረዶ ይይዛል፤ ዓይን አያየውም። ዋይድዋተር አካባቢ ያለውን ድንጋያማ ቦታና የእንጨት መተላለፊያ ወርዳችሁ ግፉ። ካልወረዳችሁ ደግሞ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ፍሬን ሳትነኩ፣ ፔዳል ሳትረግጡ እለፉ። ከሎክ (ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚደረግበት የካናሉ በር) 15 እስከ 20 መንገዱ በየሎኩ አጭር ዳገት አለው፤ ስትመለሱ ቁልቁለት ይሆናልና ፍሬኑን ቀድማችሁ ያዙ። ጀማሪ ስላለ እኔ 3:30 እል ነበር።

ጥጥ_አትልበሱ
ስለ ልብሱ። ከሥር ጥጥ አይለበስም፤ ላብ ይይዝና ስትቆሙ ያቀዘቅዛል። ቀጭን የሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ ከላዩ መካከለኛ ሹራብ፣ ከውጭ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ስትነሱ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል፤ ፓርኪንግ ላይ የሞቀው ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሄድ ያልበዋል። ሁለት ወፍራም ካልሲ በጠባብ ጫማ መደረብ ደምን አፍኖ እግርን ያደነዝዛል፤ አንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል፣ ጣት መንቀሳቀስ አለበት።

ስንቁ ቀላል ነው። ቅዳሜ ስለሆነ የሚጾመው ከጥሉላት ነው፣ ከእህልና ውሃ አይደለም። ቆሎ በለውዝ፣ ተምር፣ ዳቦ ቆሎ፤ በየ45 ደቂቃው አንድ እፍኝ። ጓንት ሳይወልቅ የሚከፈት ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ውሃው ሙቅ ይቀዳ፣ ኮዳው ተገልብጦ ይቀመጥ፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር መጠጫው አይደፈንም። በየካምፑ ያሉት የውሃ ፓምፖች በዚያ ወቅት ዝግ ናቸው።

ማርሽ_ዲሲ
እግዚአብሔር ይስጥልን። 3:30 ይሁን። 14ታችን አንድ ላይ እንሂድ?

ፖቶማክ_ዳር
በሁለት ተከፈሉ፣ ሰባት ሰባት፣ በአሥር ደቂቃ ልዩነት። መንገዱ ላይ በነጠላ ሰልፍ ነው የሚነዳው፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 15 ማይል፣ ደወል ግዴታ ነው፤ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ስጡ። መካከላችሁ ሁለት ብስክሌት ያህል ይራቅ። ፊት ጉድጓዱን የሚጠራ፣ መጨረሻ ላይ ፓምፑን የያዘ ሰው ይኑር፤ ኋለኛው ማንንም አያልፍም። ኦልድ አንግለርስ፣ ማይል 12 ላይ ስትደርሱ ቆማችሁ መሬቱን በጫማ ተረከዝ ፈትኑ። ከገባ ከዚያው ተመለሱ።