«ለተማሪ ትበቃለች» ማለት ለየትኛው ተማሪ ነው?

የካምፓስ ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ስቶሬጅ ያላት ሚኒ ላፕቶፕ ለተማሪ ትበቃለች፤ ዩዝድ ትልቅ ላፕቶፕ መግዛት ብር ማባከን ነው» ብሎ ጻፈ። በጣም ነው የተናደድኩት። ለየትኛው ተማሪ? ሲቪል ምህንድስና የሚማር ልጅ የንድፍ ሶፍትዌሩን አውቶካድ በምን ይክፈት?

ሚኒ ይሻላል፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ተማሪ ሲቪል ነው እንዴ? እህቴ አካውንቲንግ ናት። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍ፤ አለቀ። ቀላል ስለሆነች ከዶርም ላይብረሪ ይዛት ትመላለሳለች። የእናንተ ዩዝድ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ጥገና ቤት፦ ባትሪ ይቀየራል ወንድሜ። ቲንክፓድ ቲ480ን ተመልከት፤ የኋላውን ባትሪ ያለ መፍቻ ታወጣዋለህ። ራም ማስገቢያው ሁለት ነው፣ ስቶሬጁም (ኤስኤስዲው) ይቀየራል። የሚኒዎቹ ራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ስቶሬጃቸውም (ኢኤምኤምሲ የሚባለው) እንደዚያው። ሲሞላብህ ምን ልቀይርልህ? ዊንዶውስ 11 ራሱ ቢያንስ የሚጠይቀው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ስቶሬጅ ነው። ገና አዲስ ሳለች ጫፍ ላይ ናት ማለት ነው።

ሚኒ ይሻላል፦ ዩዝድ የምትሸጠው አንተ፣ የምትጠግነው አንተ። ሌላ ምን ልትል ነው?

ጥገና ቤት፦ ብሸጥስ? ያልኩት ውሸት ከሆነ አሳየኝ።

ሰፈረ ዲሲ፦ ከዚህ ለዘመድ ክሮምቡክ (በጎግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራ ላፕቶፕ) የምትልኩ ሰዎች፣ አሮጌ ከሆነ መጀመሪያ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚቆምበትን ቀን እዩ። ጎግል 2023 ላይ ወደ 10 ዓመት አራዝሞታል፤ ግን የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም።

ነባር፦ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። አሱስ 2007 ላይ ኢ ፒሲ የምትባል ኔትቡክ (ትንሽ ላፕቶፕ) በ7 ኢንች ስክሪን ሲያወጣም ተጨብጭቦ ነበር። አይፓድ 2010 ላይ ሲመጣ ኔትቡክ የት ገባ?

ሚኒ ይሻላል፦ ከገበያ ወጣ ማለት አይረባም ነበር ማለት አይደለም። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት በኔትቡክ ነው።

ነባር፦ ያኔ ድረ ገጽ ቀላል ነበር። ዛሬ ክሮም ላይ አምስት ታብ ክፈትና ንገረኝ።

የካምፓስ ልጅ፦ ጥያቄዬን ዘለልከው እኮ። እህትህ ለሪሰርች የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን ኤስፒኤስኤስ ጫኚ ስትባልስ?

ሚኒ ይሻላል፦ የኮምፒውተር ላብ አለ።

የካምፓስ ልጅ፦ የኛ ላብ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ግማሹ ማሽን አይነሳም። እና አሁንም ትበቃለች ነው የምትለው?

ሚኒ ይሻላል፦ አዎ። ለእህቴ ትበቃለች።

የካምፓስ ልጅ፦ ትናንት «ለተማሪ» ነበር ያልከው።