ቤዝቦል፦ ኳሷ መሬት ለመሬት ብቻ! እስከ ቅዳሜ ድረሱልኝ

የኮምቦልቻው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ከደሴ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን። ትናንት 20 ጊዜ መታሁ፤ ሃያውም መሬት ለመሬት ተንከባለለ። አንዷማ ቦርከና ልትገባ ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሰልጣኛችን «ዱላውን አግድም፣ ከመሬት እኩል አድርገህ ወደ ታች ምታ» ይላል። እሱኑ ነው የማደርገው። ምንድን ነው ችግሩ? ቶሎ በሉ!!

የሸዋ በር ልጅ፦ ወንድሜ፣ ይሄማ የገና ጨዋታ ነው። ላሊበላ ውጣ፣ ታኅሣሥ 29 ትነግሣለህ። ሃሃሃ

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። ወርዋሪው የሚቆመው 25 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ነው። ስበትም አለ። ስለዚህ ኳሷ አንተ ጋ ስትደርስ ቁልቁል እየወረደች ነው፤ ፈጣኗ እንኳ 6 ዲግሪ ገደማ። አንተም ቁልቁል ስትመታ መንገዳችሁ እንደ መቀስ ይቆራረጣል፤ የምትገናኙት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ዱላው ትንሽ ሽቅብ ቢሄድ ግን በመጣችበት መስመር ይቀበላታል። ጥቂት ብትቸኩልም ብትዘገይም ታገኛታለህ። በ1941 እ.ኤ.አ. በአማካይ 0.406 (ከ10 ሙከራ 4 ገደማ) የመታው አሜሪካዊው ተጫዋች ቴድ ዊሊያምስ የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ የኋላ ክርንህን ከፍ አድርግ። አለቀ።

የኮምቦልቻው፦ መምህር፣ ሽቅብ ከመታሁ ሰማይ አትወጣም?

እቴ ሸጊት፦ ትንሽ ነው የተባልከው። ደግሞ ሁለት ነገር ተቀላቅሎባችኋል። የዱላው ማዘንበል ሌላ፣ የሚሄድበት መንገድ ሌላ። «ከመሬት እኩል» የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። ጉልበት አካባቢ የመጣች ኳስ ስትመታ የዱላው ጫፍ ከእጅህ በታች ነው የሚሆነው። ወደ እኩል የሚጠጋው ደረት አካባቢ ስትመጣ ነው። ይህን የሚያመጣው ደግሞ እጅ ሳይሆን ወገብ ነው። ጎንበስ ስትል ትከሻህ ያጋድላል፣ ዱላውም ይከተላል። አንተ ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለህ በእጅህ ብቻ ስትወርድባት አናቷን ትላታለህ። ለመሆኑ የቆመች ኳስስ ትመታለህ?

ሐይቅ ዳር፦ ክርን አልኩ እኮ።

አናጢው፦ ክርኑን ተዉት። ጀሪካን አሸዋ ሙላና አፉ ላይ ቱቦ ትከል። ኳሷን ወገብህ ከፍታ ላይ አስቀምጣት። 10 እርምጃ ራቅ ብሎ በሰው ቁመት ጨርቅ ስቀልና እሱን ምታ። መሬት ከሄደች አናቷን፣ ሰማይ ከወጣች ሥሯን ነው ያገኘኸው። ሲለምድልህ ቱቦውን እስከ ጉልበትህ ቁረጠው። ከብት በሌለበት ታዲያ!

የኮምቦልቻው፦ እሺ ጋሼ። የውሃ ቱቦ ነው የኤሌክትሪክ?

አናጢው፦ የተገኘው።

ሐይቅ ዳር (እሑድ ማታ)፦ እና? ክርኑ ሠራ?