የዓሣ ነባሪ አደን ቆሟል፣ ታዲያ ምንድን ነው የሚፈጃቸው?

ቤዛ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው። ለንግድ የሚደረግ የዓሣ ነባሪ አደን ከ1986 ጀምሮ ታግዷል (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። እምቢ ብለው የቀጠሉት ጥቂት አገሮች ናቸው። ሃምፕባክ የሚባሉትም በብዙ ቦታ አገግመዋል፣ ደስ ይላል። ግን የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል 400 እንኳ አይሞላም፣ ሜክሲኮ ያለችው ቫኪታ ደግሞ ከ10 ብዙም አትዘልም አሉ። ማንም ካላደናቸው ምን ነካቸው? እባካችሁ «ብክለት ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ።

ሞገድ፦ ብክለቱም ሙቀቱም ድርሻ አለው፣ ለእነዚህ ለሁለቱ ግን ዋናው ገዳይ መረብ፣ ገመድና መርከብ ነው። ከቫኪታ ልጀምር። 1.5 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ዓይኗ ዙሪያ የተኳለች የምትመስል ትንሽዬ የዶልፊን ዘመድ ናት። ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ውጪ የትም የለችም። እዚያ አጥማጆች ጊልኔት የሚባለውን መረብ ውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ይዘረጋሉ። የሚፈልጉት ቶቶአባ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ነው፣ እሱንም ለሥጋው ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ላለው የአየር ከረጢት፣ ምክንያቱም ቻይና ውስጥ በጣም ውድ ነው። ቶቶአባና ቫኪታ በመጠን ስለሚቀራረቡ ለእሱ የተሠራ መረብ እሷንም ይይዛል። ሳንባ ነው ያላት፣ አየር ለመሳብ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለባት። መረቡ ከያዛት ታፍና ትሞታለች። የሚፈልጋት የለም፣ የሚገዛት የለም፣ ዝም ብላ ነው የምታልቀው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደግሞ ሜክሲኮ በዚያ አካባቢ ጊልኔትን በ2017 ለዘለቄታው መከልከሏ ነው። ክልከላው ወረቀት ላይ አለ፣ መረቡም ውሃ ውስጥ አለ።

ናቲ፦ ታዲያ ይዞ ማርባት አይቻልም ነበር? ለሌሎች እንስሳት ይደረጋል እኮ።

ሞገድ፦ ናቲ፣ በዚያው በ2017 ተሞክሯል። መጀመሪያ የተያዘችው ግልገል በጣም ስለተጨነቀች ወዲያው ለቀቋት። ሁለተኛዋ ትልቅ ሴት ነበረች፣ በተያዘች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ፕሮጀክቱ እዚያ ላይ ቆመ። ያለው መንገድ አንድ ነው፣ መረቡን ከውሃው ማውጣት።

እመቤት፦ ስለ ራይት ዌል እኔ ልጨምር። ቀስ ብሎ ነው የሚዋኘው፣ ያውም ለባሕር ዳርቻና ለውሃው ገጽ ቀርቦ፣ ስለዚህ መርከብ ይገጨዋል። ሎብስተርና ሸርጣን የሚያዝበት ወጥመድ ደግሞ ከባሕሩ ወለል እስከ ላይ ድረስ የተወጠረ ገመድ አለው። ዓሣ ነባሪው አፉን ከፍቶ ሲመገብ ገመዱ አፉ ውስጥ ተሰድሮ ምግቡን እንደ ወንፊት በሚያጣራለት ፋኖን (ባሊን) ውስጥ ይገባል፣ ደንግጦ ሲገላበጥ ክንፉና ጭራው ላይ ይጠመጠማል። ብዙዎቹ ወዲያው አይሞቱም። ገመዱን ለወራት ይጎትታሉ፣ ሥጋቸውን እየበላ ይገባል፣ ስባቸው ያልቃል። የከሳች ሴት ደግሞ አታረግዝም። ድሮ በየሦስት ዓመቱ ትወልድ የነበረችው አሁን ስድስትና ከዚያ በላይ ዓመት ትቆያለች። ቤዛ፣ ሙቀቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለው የሜይን ባሕረ ሰላጤ ሲሞቅ የሚመገቧቸው ደቃቅ ፍጥረታት ቦታ ቀየሩ፣ እነሱም ተከትለው ጥበቃ ወዳልነበረበት ወደ ካናዳው የሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ሄዱ። በ2017 ብቻ በካናዳና በአሜሪካ ውሃ 17 ሞተው ተገኙ።

ናቲ፦ እንግዲያው ጥፋቱ የአጥማጆቹ ነው ማለት ነው።

እመቤት፦ በዚህ አልስማማም። አጥማጁ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ገመድ ነው፣ ሌላ መሣሪያ ሳይሰጡት «ተው» ማለት ግፍ ነው። መሣሪያው ደግሞ አለ። ገመዱ ከወጥመዱ ጋር ታች ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አጥማጁ ሲመጣ ከጀልባው የድምፅ ምልክት ይልካል፣ ያኔ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። ችግሩ ዋጋው ነው። ይህን ወጪ መንግሥት መሸፈን አለበት ባይ ነኝ። ለመርከቦችም አሜሪካ ከ2008 ጀምሮ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት በተወሰኑ ቦታዎችና ወራት ከ10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ እንዳይሄዱ ከልክላለች። ፍጥነት ሲቀንስ ግጭቱም ገዳይነቱም ይቀንሳል።

ቤዛ፦ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለቫኪታ አልረፈደም ወይ? ቻይና ያለው የያንግትዜ ወንዝ ዶልፊን፣ ባይጂ፣ በ2006 ለስድስት ሳምንታት ተፈልጎ አንድም አልተገኘም።

ሞገድ፦ ባይጂን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። ቫኪታ ግን አሁንም እየወለደች ነው፣ በ2023 በተደረገው ፍለጋ ግልገል ታይቷል። በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናትም ቁጥሯ ማነሱ ብቻውን እንደማያጠፋት፣ መረቡ ፈጽሞ ከቆመ ልታንሰራራ እንደምትችል አሳይቷል። በዚያው ዓመት የሜክሲኮ ባሕር ኃይል ዋና መኖሪያዋ ውስጥ መንጠቆ ያላቸው የኮንክሪት ብሎኮች አሰጥሟል፣ መረብ የሚዘረጋ ሰው መረቡ እዚያው ይያዝበታል። እዚያ የሚዘረጋው መረብ በጣም ቀንሷል። አሁን የሚቀረው ከዚያ ክልል ወጣ ብላ ስትዋኝም እንዲሁ እንድትጠበቅ ማድረግ ነው፣ አጥማጆቹም ያለ ጊልኔት የሚኖሩበት ገቢ ማግኘት አለባቸው።