«ትክክል ነው» ወይስ «ያስኬዳል»?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ሰላም ናችሁ? ታናሽ እህቴን ኬሚስትሪ እያስጠናሁ ነው። የሉዊስ ስትራክቸሩ (አተሞች በኤሌክትሮን እንዴት እንደተሳሰሩ፣ ማለትም ቦንዱን፣ የሚያሳየው ስዕል) «ሪዝነብል» መሆኑን አረጋግጪ የሚል ጥያቄ መጣባት። «ትክክል መሆኑን» ብዬ ተረጎምኩላት። እሷ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ስዕል ሠርታ «ሁለቱም ትክክል ሆኑብኝ» አለችኝ። ሌላም አለ። «ፎርማል ቻርጅ»ን «መደበኛ ቻርጅ» ብያታለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ እህትህ አልተሳሳተችም። ያሳሳታት ቃሉ ነው። አንዱ «ትክክል» ከተባለ ሌላው ስህተት መሆን አለበት። እኔ ብሆን «ያስኬዳል ወይ?» እላለሁ። ክረምት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ሐረጎ ጉም ሲለብስ ከደሴ የወረደን ሾፌር «መንገዱ ያስኬዳል?» ብለን እንጠይቀው የለ? የሚያልፍ መሆኑን ነው የምንጠይቀው።

መጀመሪያ የቫለንስ ኤሌክትሮኑን (በአተሙ የውጨኛ ዙር ያለውን) ትቁጠር። ካርቦን 4፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች 6፣ 6፤ ድምሩ 16። ስዕሏ ላይ 17 ወይም 14 ካለ አያስኬድም፣ አለቀ። ቀጥሎ እያንዳንዱ አተም፣ በቦንድ የሚጋራውን ጨምሮ፣ 8 ኤሌክትሮን አግኝቷል ወይ? ካርቦን በሁለቱም ጎን በድርብ ቦንድ የታሰረበት ስዕል ያልፋል። በአንድ ወገን ነጠላ፣ በሌላው ሦስት ቦንድ ያለውም ያልፋል። ሁለቱም ያስኬዳሉ።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገን ሌላ ቃል ነው፤ «ሚዛን የሚደፋው የቱ ነው?» የሚለው። ይሄን የሚለየው ፎርማል ቻርጅ ነው። ከአተሙ ቫለንስ ኤሌክትሮን ላይ ለብቻው የያዛቸውን ቀንሺ፣ በቦንድ ካሉት ደግሞ ግማሹን ቀንሺ በላት። ባለ ነጠላ ቦንዱ ኦክስጅን 6 ሲቀነስ 6 ሲቀነስ 1፣ ማለትም −1 ይሆናል። ባለ ሦስቱ 6 ሲቀነስ 2 ሲቀነስ 3፣ +1። በድርቡ ስዕል ግን ሁሉም ዜሮ ነው። ሚዛን የደፋው እሱ ነው።

«መደበኛ» የሚለውን ግን እባክህ ተወው። መደበኛ ስንል የተለመደ፣ ዘወትር ያለ ማለታችን ነው። ተማሪዋ አተሙ በእውነት ይህን ቻርጅ ተሸክሟል ብላ ታስባለች። ቁጥሩ የሚገኘው ግን የቦንዱን ኤሌክትሮኖች እኩል ተካፈሉ ብለን ስናሰላ ነው። «የስሌት ቻርጅ» ብትላት ነገሩ ይገባታል።

ጠያቂው፦
«የስሌት ቻርጅ» ስላት ወዲያው ገባት። አሁን ናይትረስ ኦክሳይድ (ሁለት ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን) ላይ ናት። ሁሉንም ዜሮ ማድረግ አቃታት።

መልስ፦
እዚያ ሁሉም ዜሮ አይሆንም። መካከለኛው ናይትሮጅን +1 ይዞ ይቀራል። −1 ኦክስጅን ላይ ያረፈበትን ትምረጥ። ኤሌክትሮን በመሳብ ኦክስጅን ከናይትሮጅን ይበረታል።